«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም»

ደብዳቤው፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከተገላገልኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። በቀደም የልጁ ሐኪም ደውላ «ሲወለድ ከተረከዙ የተወሰደው ደም ውጤት መጥቷል፤ የሲክል ሴል ተሸካሚ ነው» አለችኝ። በፖስታ የመጣው ወረቀት ላይም «ኤፍ ኤ ኤስ» የሚል አለ። እኔ የማውቀው ሲክል ሴል የጥቁር አሜሪካውያን በሽታ እንደሆነ ነው። እኛ ሁለታችንም ኢትዮጵያውያን ነን። ሊያርሱኝ ከደብረ ብርሃን የመጡት አማቴ ይህን ሲሰሙ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም፤ ከየት መጣ ታዲያ?» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከእሱ ሌላ ወንድ አላውቅም። ትልቁ ልጄ አዲስ አበባ ነው የተወለደው፣ 4 ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው። በእኔም ቤተሰብ የደም በሽታ የለም። (አባቴ ነፍሱን ይማረውና የመተማ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ክረምት በመጣ ቁጥር «አጥንቴን፣ አጥንቴን» እያለ ሲያለቅስ ያድር እንደነበር ያወራ ነበር። በ9 ዓመቱ ሞተ። ልክፍት ነው የተባለው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም።) ልጄ ይሞትብኛል? ሌላ ልጅስ መውለድ እንችላለን? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በጥር ያገባል፤ እጮኛው የአሶሳ ልጅ ናት። ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

የጨነቃት አራስ

መልሱ፦

አራስዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ይህን ሳልል ወደ ሌላ ወሬ አልገባም። ሰሞኑን በቤትሽ ይህን የሚልሽ ሰው የጠፋ ይመስላል።

አሁን ወደ ጭንቅሽ። ልጅሽ አይሞትብሽም። በሽተኛም አይደለም። ተሸካሚ ሌላ፣ ታማሚ ሌላ። ተሸካሚነት ሲያድግ ወደ በሽታው የሚዞር ነገርም አይደለም። ዛሬ ተሸካሚ ነው፣ በ80 ዓመቱም ተሸካሚ ነው።

እስቲ ያንን ወረቀት ከደበቅሽበት አውጪውና አብረን እናንብበው። ቀይ የደም ሴላችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ኦክስጅን ከሳንባ ተሸክሞ ለሰውነት የሚያድለው እሱ ነው። «ኤፍ» ሕፃን ማህፀን ውስጥ ሳለ የሚጠቀምበት ሄሞግሎቢን ነው። አዲስ የተወለደ ሁሉ አለው፣ በወራት ውስጥ ለሌላው ቦታውን ይለቃል። «ኤ» የተለመደው፣ የብዙዎቻችን ሄሞግሎቢን ነው። «ኤስ» ሲክል የሚባለው ነው። ፊደሎቹ የተደረደሩት እንደ ብዛታቸው ነው፣ ብዙው ይቀድማል። በልጅሽ ወረቀት ላይ «ኤ» ከ«ኤስ» ቀድማ ቆማለች አይደል? ጤናው እሷ ናት። ወረቀቱ «ኤፍ ኤስ» ብቻ ቢል ኖሮ ሐኪሟ እንዲህ ተረጋግታ አትደውልልሽም ነበር። በጥድፊያ ወደ ደም ሐኪም ትልካችሁ ነበር።

አማትሽ «ከየት መጣ?» ብለዋል። ጥያቄው በራሱ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተጠየቀበት ዓይን ነው ክፋቱ።

እያንዳንዳችን ለዚህ ሄሞግሎቢን ሁለት ትእዛዝ ይዘን እንወለዳለን፣ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ትእዛዙ የሚገኘው 11ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ከዚያ ትእዛዝ የሚሠራው የሄሞግሎቢን ክር 146 አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት ነው፤ በሲክል ሴል የተቀየረችው 6ኛዋ ብቻ ናት። አንዲት! «ሰመረ» ብለሽ ልትጽፊ አስበሽ «መ»ን በ«በ» ብትለውጫት «ሰበረ» ይሆንብሻል። እንደዚያ ያለ ስህተት ነው።

ልጅሽ አንዱን ትእዛዝ ትክክለኛውን፣ አንዱን የተሳሳተውን ወርሷል። ትክክለኛው ሥራውን ስለሚሠራ አይታመምም። ልብ በይ፦ ለዚህ አንድ ወላጅ ብቻ በቂ ነው። ሁለታችሁም መሆን የለባችሁም። እንግዲህ አማትሽ «በእኛ ዘር የለም» ሲሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንቺም እውነትሽን ነው። ሁለቱ እውነቶች አይጋጩም። «ኤስ» በአንቺ በኩል መጥታ ከሆነ፣ የባለቤትሽ ዘር ንጹሕ «ኤ» መሆኑ ማንንም አያስከስስም።

በአንቺ በኩል ሳትመጣ እንዳልቀረች ደግሞ የጠረጠርኩት ከራስሽ ደብዳቤ ነው። በቅንፍ ከጻፍሻት ታሪክ። «ከዚህ ጋር አይገናኝም» ካልሻት።

መተማ ቆላ ነው፣ የወባ አገር ነው። በ1954 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) አንቶኒ አሊሰን የሚባል በኬንያ ያደገ ሐኪም አንድ ነገር አሳየ፦ አንድ «ኤስ» ብቻ ያላቸው ልጆችን ከባድ ወባ እንደ ሌሎቹ አይጥላቸውም። ይህች ስህተት ከሺህ ዓመታት በላይ ከሰው ዘር ሳትጠፋ የኖረችው ለዚህ ነው። ወባ ባለበት አገር ተሸካሚው ልጅ ተርፎ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያወርሳል። ስለዚህ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ በሱዳን፣ በሕንድ፣ በሳዑዲ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በግሪክ ሳይቀር አለች። ወደ አሜሪካ የተሻገረችው በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋር ነው። «የጥቁር አሜሪካውያን በሽታ» የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። በሽታው የቆዳ ሳይሆን የወባ ካርታ ነው የሚከተለው። በእኛም አገር በደጋው እምብዛም አትገኝም፤ በምዕራቡና በሰሜን ምዕራቡ ቆላ፣ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል፣ በሱዳን ጠረፍ ግን አለች። ደብረ ብርሃን ብርድ አገር ነው፣ የወባ ትንኝ አትደርስበትም። አማትሽ በዘራቸው ስለዚህ በሽታ ሰምተው ባያውቁ ምን ይገርማል?

አሁን አጎትሽ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ለብዙ ዓመታት የሕፃናት ክፍል የማታ ተረኛ ነበርኩ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ትእዛዞቹ «ኤስ» ነበሩ። እንዲህ ባለ ልጅ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ካደለ በኋላ እርስ በርሱ ይያያዝና ክር ይሆናል። ክሩ ሴሉን ከውስጥ ወጥሮ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። ክቡ ሴል በቀጭኗ የደም ሥር ውስጥ ታጥፎ ሹልክ ይላል፤ ማጭዱ ግን ይጠረቃቀማል፣ መንገድ ይዘጋል። ከዚያ በታች ያለው አጥንት ደም ያጣል። ሕመሙ ያ ነው። ልጁ አይጮህም ነበር። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንሶላው እንዳይነካው አድርጎ፣ ስልክ ላይ ካርቱን ያያል። አዲስ የመጣ ተረኛ በሩ ላይ ቆሞ «ካርቱን እያየ ነው፣ ይህን ያህል አላመመውም» አለና ማስታገሻውን አዘገየበት። ልጁ ቀና ብሎ «የማየው እኮ እንዳልጮህ ነው» አለው። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት መካከል ብርድ፣ የውኃ ጥም፣ ትኩሳት አሉ። ክረምት ቆላ ላይ ምን ያመጣል? ዝናብ፣ ብርድ፣ ከዝናቡ ጋር ወባ። የወባውን ነገር ልብ በይ። አንድ «ኤስ» ከከባድ ወባ ትከልላለች። ሁለት «ኤስ» ያለበትን ልጅ ግን ወባ ቶሎ ይጥለዋል። እንግዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር «አጥንቴን» የሚል፣ በ9 ዓመቱ የሞተ የመተማ ልጅ! ሳላየው፣ ደሙ ሳይመረመር በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ግን ተረኛ ሆኜ ይህን ታሪክ እናቱ ብትነግረኝ መጀመሪያ የማስመረምረው ሲክል ሴልን ነበር። ያኔ መተማ ማን ይመርምር? ስም አጣና ልክፍት ተባለ። በነገራችን ላይ ነጮቹም ጋ ቢሆን በሽታው በሕክምና መጽሔት የተጻፈው ገና በ1910 ነው። ሄሪክ የሚባል የቺካጎ ሐኪም ከግሬናዳ ደሴት የመጣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደም ውስጥ ማጭድ የመሰሉ ሴሎች አየሁ ብሎ ጻፈ። «ሲክል» በእንግሊዝኛ ማጭድ ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያ ወጣ።

አጎትሽ ታማሚ ከነበረ ወንድ አያትሽና ሴት አያትሽ ሁለቱም ተሸካሚ ነበሩ ማለት ነው። አባትሽም ሳይሆን አይቀርም። አንድም ቀን ሳይታመም ይዟት ኖሮ ላንቺ ሰጠሽ። እኛ ልጅ ለመዳር አጥንት እንቆጥራለን፣ እስከ ሰባት ቤት። ደግ ሥርዓት ነው፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ያደርጋል፣ የዚህ ዓይነቱን በሽታም ይቀንሳል። ግን አጥንት ቆጣሪ ሽማግሌ «ኤስ»ን አያያትም። ድምፅ ሳታሰማ ሰባቱንም ቤት አልፋ ትመጣለች። የምትታየው ሁለት ተሸካሚዎች፣ ባይዛመዱም እንኳ፣ ሲገናኙ ነው።

እና ምን ታደርጊ? አንቺና ባለቤትሽ አብራችሁ ሂዱና ተመርመሩ። «ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ ይታዘዝልን» በሉ፤ የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው። በደቂቃዎች የሚደርስ ፈጣን የሲክል ምርመራም አለ፣ በእሱ አትርኩ። እሱ «ኤስ» መኖሯን ብቻ ነው የሚናገረው። ከ«ኤስ» ጋር ሲገናኙ በሽታ የሚያመጡ ሌሎች አሉ፣ ሄሞግሎቢን «ሲ» እና ቤታ ታላሴሚያ። እነሱን ይስታቸዋል። ለባለቤትሽ ይህ ምርመራ ወሳኝ ነው።

አንቺ «ኤ ኤስ» ሆነሽ ከተገኘሽ የቤታችሁ ክርክር እዚያው ያበቃል። የልጁ «ኤስ» ከየት እንደመጣች ታወቀ። አንቺ «ኤ ኤ» እሱ «ኤ ኤስ» ከሆነ ደግሞ አማትሽ የማያውቁት የሩቅ ዘመድ አላቸው፣ ወይም በባለቤትሽ አባት በኩል ነው። ሁለታችሁም «ኤ ኤ» ብትሆኑ የልጁ ምርመራ መጀመሪያ ይደገም፤ ለነገሩ የሕፃናት የመጀመሪያ ምርመራ ማጣሪያ ነው፣ በማንኛውም መንገድ መረጋገጥ አለበት።

ስለ ባለቤትሽ ግልጹን ልንገርሽ። ከእናቱ ንግግር ይልቅ የእሱ ዝምታ አናዶኛል። እናቱ ያልገባቸውን ተናገሩ። እሱ ግን የ7 ሳምንት አራስ ሚስቱን ትቶ ሶፋ ላይ ተኛ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሐኪሟን ሳይጠይቅ። ይህን ዓምድ አስነብቢው። ከዚያ «ሐሙስ ቀጠሮ አለን፣ ክንድህን ይዘህ ና» በይው። አትለማመጪው። «አላደረግኩም» እያልሽ መማልም አያስፈልግሽም፤ ያልበላሽውን ዕዳ አትክፈይ።

ሌላ ልጅ መውለድ ትችላላችሁ ወይ ላልሽው፣ መልሱ በእሱ ውጤት ላይ ነው። እሱ «ኤ ኤ» ከሆነ እንደ ልባችሁ ውለዱ። ልጆቻችሁ ወይ እንደ እሱ ወይ እንደ አንቺ ይሆናሉ፤ ታማሚ አይወለድም። እሱም ተሸካሚ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ እጅ ታማሚ የመሆን ዕድል አለ፣ ከ4 ሁለት እጅ ተሸካሚ፣ ከ4 አንድ እጅ ከሁለቱም ነፃ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። «አንዱ ታሟልና ቀሪዎቹ ሦስቱ ደህና ናቸው» ይላል። አይደለም። ዘውድና ጎፈር ስንጫወት ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። በየእርግዝናው አዲስ ነው የሚጣለው። እንዲህ ከሆነ ከማርገዝሽ በፊት በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን ከሚያማክር ባለሙያ ጋር ተቀመጡ። በእርግዝና ጊዜም ጽንሱን መመርመር ይቻላል።

ትልቁን ልጅሽንም አስመርምሪው። ሲወለድ እንደ ታናሹ ከተረከዙ ደም ወስዶ ወረቀት የሚልክ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ለዚህ ይመረመራል፤ በአገራችን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምርመራ የለም። 4 ዓመት ሙሉ ደህና ከሆነ ታማሚ ነው ብዬ አልሰጋም፣ ተሸካሚ ሊሆን ግን ይችላል። አንድ ብልቃጥ ደም ነው።

ታናሹን በሚመለከት የምትጠነቀቂበት ነገር ጥቂት ነው። እንደ ማንኛውም ሕፃን አሳድጊው፣ ክትባቱን አታሳልፊ። አድጎ ስፖርት ሲጀምር በሙቀት ውኃ እንዲጠጣ፣ ሲደክመው እንዲያርፍ ንገሪው። ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ራስ ዳሸንን የሚያህል ተራራ ላይ ወጥቶ ግራ ጎኑን በኃይል ካመመው ሐኪም ይየው። መተማ ዘመድ ሊጠይቅ ቢሄድ የወባ መከላከያ እንደ ሰው ይዋጥ፤ «ኤስ» አለችኝ ብሎ አይዘናጋ።

አማትሽ መቼም ሳያስቡት አይቀሩም፦ ቀይ ሥር፣ ተልባ፣ የብረት መድኃኒት። ደሙ አላነሰም፣ ምንም አያስፈልገውም። ተልባውን አንቺ ጠጪ፣ አራስ ነሽ። ጸበልን አልቃወምም። በ40 ቀኑ ክርስትና ከተነሳ ወዲህ ምን ጎደለው? ሐኪም ያልጨረሰችውን ሕመም ሊያስጨርሱ ከሆነ ግን ያልታመመ ልጅ በበረደ ውኃ አያስጨንቁት። ይህን የምለው ሌላ ቤት የሚያነቡኝ እናቶች ስላሉ ጭምር ነው። ሌላዋ እናት፣ የአንቺ ልጅ ታማሚ ከሆነ፣ «ኤስ ኤስ» ከሆነ፣ ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ጸበል ማስጠመቅና በባዶ ሆድ ማቆየት ሕመሙን ራሱን ይጠራል። ለብ አድርጊለት፣ ካህኑን አማክሪ፣ መድኃኒቱን አታቋርጪ። ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጪ። የእነዚህ ልጆች ጣፊያ ገና በሕፃንነታቸው ስለሚጎዳ ተራ የሚመስል ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በ1986 የወጣ አንድ ጥናት ፔኒሲሊን በየቀኑ ሁለቴ የሚወስዱ ሕፃናት ላይ ኢንፌክሽኑ በ84 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን ለሌሎቹ መከልከል ነውር ሆነ። እስከ 5 ዓመታቸው ይወስዱታል። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው መድኃኒትም ሕመሙን ያራርቃል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ በዘረመል (በጂን) ደረጃ የሚሠራ ሕክምና በአሜሪካ ተፈቅዷል፣ ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያ የ11 ዓመት ልጅ ዛሬ ቢመጣ ስል አስባለሁ።

ወንድምሽ። ንገሪው፣ ያውም ዛሬ። አንቺ ተሸካሚነቱን ከአባትሽ ከወሰድሽ እሱም የመውሰድ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እጮኛው የአሶሳ ልጅ ናት ብለሻል፤ አሶሳም የወባ አገር ነው። ይህ ሠርግ ማፍረሻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ ውጤት አምጡ ስትል ማን ተቀየመ? እንደዚያው ሌላ ብልቃጥ ይጨምሩ። ሳዑዲ ከ2004 ጀምሮ ያለዚህ ምርመራ ጋብቻ አይፈጸምም፤ እዚያ የሚሠሩ ልጆቻችን ያውቁታል። ወንድምሽ ከተመረመረ በኋላ የሚወስነው እሱና እሷ ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም።

አንድ ሥራ ብቻ ልጨምርብሽ። የአባትሽ እህት ካለች፣ ወይም እዚያ መንደር ያደገ አንድ አዛውንት ካለ፣ እሑድ ደውዪ። ስለዚያ ልጅ ጠይቂ። ገና ሕፃን ሳለ እጁና እግሩ ያብጥ ነበር? ዓይኑ ቢጫ ይል ነበር? ከእኩዮቹ አንሶ፣ ቀጥኖ ነበር? ሕመሙ ዝናብ ሲጥል ነበር ወይስ ወንዝ ታጥቦ ሲመለስ? የሚሉሽን ጻፊና ለሐኪሟ ውሰጂላት፣ የቤተሰብ ታሪክ ብላ ትመዘግበዋለች። ስሙን በደብዳቤሽ አልጻፍሽልኝም። ስሙንም ጠይቂያቸው።